ቆርኬን ማደን ይገባልን?

በሐዋሳ አንድ ምእመን፥ «ዋላና ሚዳቋ በኦሪት ንጹሓን ተብለው ከተቈጠሩ፥ ቆርኬን አድኖ መብላት ስለ ምን ይከለከላል?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ይስሐቅም ከዔሳው አደን ይበላ ነበርና፥ አደን በራሱ ኀጢአት ነው የሚል ሰው ከመጻሕፍት ማስረጃ አያገኝም።

ነገር ግን ከሐዋሳ ሐይቅ ማዶ፥ በሰንቀሌ ሜዳ የሚሰማራውን ቆርኬ እንመልከት። ይህ ወገን ቀድሞ እስከ ሶማሌ ምድር ድረስ በመንጋ ይታይ ነበር፤ የከብት ዕልቂትና ጠመንጃ ፈጁት። ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም፤ በእርሷም ቢሆን እንደ ሰንቀሌና እንደ ማዜ ባሉ ጥቂት ስፍራዎች ብቻ ቀርቷል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በተነሣው ሁከት ከሰንቀሌው ብዙው ተገደለ። እንስቲቱም ስምንት ወር ያህል አርግዛ የምትወልደው አንድ ብቻ ስለ ሆነ፥ የጠፋው ቶሎ አይተካም።

ኦሪት ጫጩቶቹን የሚወስድ ሰው እናቲቱን እንዲለቅ ታዛለች (ዘዳ. 22፥6-7)። መብሉን አልከለከለችም፤ የከለከለችው ምንጩን ማድረቅ ነው። ኖኅም ንጹሓኑን እንስሳት ሰባት ሰባት አድርጎ ወደ መርከብ ያስገባው ዘራቸው እንዲቀር ነበር። እንግዲህ የሰንቀሌን ቆርኬ የገደለ፥ አንድ እንስሳ ብቻ ገደለ እንላለንን?

ለተራበ ሰው ፍርዱ እንዲህ አይቀልም፤ የሚገሥጸው አስቀድሞ እንጀራውን ሊያካፍለው ይገባል። ጠያቂያችን ግን ከደጁ በግ የማይታጣ ሰው ነው።