ሽማግሌ ከማን ጋር ይጫወታል?

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን እኛ የዚህ ሰንበት ትምህርት ቤት አባላት ልብስና ሳሙና ሰብስበን አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት መጎብኘታችን ይታወሳል። ዘመርን፤ ያዘጋጀነውን ግጥም አነበብን፤ ስጦታውን አድለን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን በሁለት ሰዓት ውስጥ ጨረስን። ልንወጣ ስንል አንዲት እናት፣ «ተባረኩ ልጆቼ። መዝሙሩን እኮ እኛም እናውቀዋለን» አሉን። በጊዜው ምስጋና መስሎን ፈገግ ብለን ወጣን። አውቶቡስ ውስጥ ግን ከመካከላችን አንዱ ነገሩን መልሶ አነሣው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዘመርንላቸው እንጂ አብረናቸው አልዘመርንም።

እንግዲህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ልንመረምረው የተነሣንበት ጥያቄ ይህ ነው። አረጋዊን ማክበር ምን ማለት ነው? ማብላትና ማልበስ ብቻ ነውን? ከቤት አለማስወጣት ነውን? ወይስ ሳናውቀው የምንነፍጋቸው ሌላ ነገር አለ?

ጥያቄው ሲነሣ ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ የታወቀ ነው። «ፈረንጅ ወላጁን አውጥቶ ይጥላል፤ እኛ ግን እንጦራለን» እንላለን። እንዲህ ከማለታችን በፊት ፈረንጆቹ ያደረጉትን በሚገባ ማወቅ ይገባናል።

በአሜሪካ አገር፣ በአሪዞና በረሃ፣ ከፊኒክስ ከተማ አጠገብ «ሰን ሲቲ» የምትባል የጡረተኞች መንደር አለች፤ ትርጓሜዋ የፀሐይ ከተማ ማለት ነው። ዴል ዌብ የተባለ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1960 ሥራዋን ሲያስጀምር፣ በሦስት ቀን ውስጥ ብቻ 100,000 ያህል ሰው ሊያያት ጎርፏል። ለምን ይሆን? በ1935 ከወጣው የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ወዲህ በአሜሪካ ብዙ ሠራተኛ በስተርጅና የሚተዳደርበት ገንዘብ አገኘ። ገንዘቡ ሲገኝ ግን ሌላው ጉድለት ታየ። አርባ ዓመት በየጠዋቱ ወደ ሥራ ይሄድ የነበረው ሰው አሁን ከቤት ሲውል የሚያነጋግረው ጠፋ። ሥራ የለው፣ ባልደረባ የለው፤ ልጆቹ በየፊናቸው ሄደዋል። ዌብ ይህን ጉድለት ተረድቶ ነበር። ስለዚህ ገዢዎቹ ከመግባታቸው አስቀድሞ የጎልፍ ሜዳውን፣ የመሰብሰቢያውን አዳራሽና የገበያውን ሥፍራ ሠርቶ ጠበቃቸው። እርግጥ ነው፣ ነጋዴ ነበርና ያተርፍበታል። ቢሆንም ሽማግሌ ከጣራ ሌላ ጓደኛም እንደሚሻ ከብዙዎቻችን ቀድሞ አስተውሏል።

ዛሬ በዚያች መንደር ከመቶ የሚበልጡ ክበባት አሉ። ሸክላ የሚሠራው፣ የሚሸምነው፣ እንጨት የሚጠርበው፣ የሚደንሰው እንደየዝንባሌው ክበቡን ይመርጣል። ከሁሉ ይልቅ እኛን የማረከን ግን በፈቃዳቸው ተሰባስበው የመንደራቸውን መንገድ የሚያጸዱ አረጋውያን መኖራቸው ነው። እኛ አገር ሰባ ዓመት የሞላው ሰው መጥረጊያ ቢያነሣ ሮጠን እንቀማዋለን። አክብሮት ነው እንላለን። ከእጁ የወሰድነው መጥረጊያውን ብቻ ስለ መሆኑ ግን ጠይቀን አናውቅም።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ሌላውንም ገጽታ አንሸሽግም። በአሜሪካ በ1995 የወጣው ሕግ እንደሚያዝዘው፣ እንዲህ ያለው መንደር ለአረጋውያን ብቻ ተብሎ እንዲታወቅ ሰው ከሚኖርባቸው ከመቶ ቤቶች በሰማንያው ቢያንስ አንድ 55 ዓመት የሞላው ሰው መኖር አለበት። በሰን ሲቲ ደግሞ ልጅ ቋሚ ነዋሪ መሆን አይችልም። የልጅ ልጅ በእንግድነት ይመጣል፤ የሚቆይበትም ቀን የተቆጠረ ነው። ከዚህ የተነሣ አንድ የሚያሳስብ ነገር ደርሷል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ፣ ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች ማሠሪያ የሚሆን ገንዘብ በድምፅ እንዲወሰን በተጠየቀ ቁጥር የመንደሪቱ ነዋሪዎች በብዛት ይቃወሙ ነበር። በመጨረሻም መንደሪቱ ከትምህርት ቤቱ አስተዳደር ክልል እንድትወጣ ተደረገ። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች ነበሩ ለማለት አንደፍርም፤ የራሳቸውን ልጆች አሳድገው፣ አስተምረው ጨርሰዋል። ነገር ግን ጠዋት ደብተር ይዞ በበሩ የሚያልፍ ልጅ የማያይ ሰው፣ ወንበር ያጣው ተማሪ የማን ልጅ እንደ ሆነ ቢረሳ ያስደንቃልን?

«እኛ ዘንድ አረጋዊ ተለይቶ አይኖርም» የሚል አንባቢ ካለ ግን ጥቂት ይታገሠን። ባሎቻቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸውን ለቁም ነገር ያደረሱ እናቶች ቆብ ጭነው በደብረ ሊባኖስና በየደብሩ ዙሪያ በትንንሽ ጎጆ ሲኖሩ እናውቃለን። ከእኩዮቻቸው ጋር ያስቀድሳሉ፤ ይጾማሉ፤ ሲታመሙ ይጠያየቃሉ፤ መቼም ይኮራረፋሉም። «ልጆቻቸው ጣሏቸው» ብሎ የሚያማ የለም። እንግዲህ ከአቻ ጋር ተሰባስቦ ማርጀት በእኛም አገር የቆየ ነገር ነው። የሚለየን፣ በዚያች መነኩሲት ደጃፍ የቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን አንጠልጥሎ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ መምጣቱ ነው። እርሳቸውም ካላቸው ቁራሽ ያካፍሉታል፤ ከየት እንደ መጣ፣ ምን ላይ እንደ ደረሰ ይጠይቁታል። እኩዮቻቸው በዙሪያቸው አሉ፤ ልጁም ከደጃቸው አልታገደም። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት እንደሚቻል ከዚህ ይታያል።

ታዲያ እኛ በከተማ የምንኖረው «እንጦራለን» ባዮች የትኛውን ሰጠን? የአንዲት አባላችንን አያት እንውሰድ። የቀድሞው ሠፈራቸው ሲፈርስ ከልጃቸው ጋር ኮንዶሚኒየም ገቡ፤ አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ምግቡ በሰዓቱ ይቀርባል፤ መድኃኒቱ አይጓደልም፤ ቴሌቪዥኑ እንደ በራ ይውላል። ቤተሰቡ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይመለሳል። ሠላሳ ዓመት የጠጡት የሚካኤል ማኅበር ግን ቀረባቸው። ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ አለ፤ ተራቸው ሲደርስም ማኅበርተኞቹ እስከዚያ ፎቅ መውጣት አልቻሉም። ልጃቸው ወርኃዊ መዋጮውን ሳያቋርጡ ይከፍሉላቸው ነበር። ከሰን ሲቲ ሽማግሌና ከእኚህ እናት ማን ይበልጥ ተከበረ ተብለን ብንጠየቅ ቶሎ ለመመለስ አፍረናል። ልጃቸው እናታቸውን የሚወዱ ሴት መሆናቸውን ስለምናውቅ ይበልጥ ከበደን። በፍቅርም ሰውን ብቻውን ማስቀረት ይቻላል ማለት ነው።

ይህን ከተወያየን በኋላ በኅዳር ሚካኤል ዕለት አራታችን ሄደን እኚያን እናት በወንበር ተሸክመን አወረድናቸው። ያን ቀን ተረኛዋ ምድር ቤት የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ማኅበርተኞቹ ሲያዩአቸው ያለቀሱትን ልቅሶ እዚህ መጻፍ አንችልም። ጥቂት ቆይቶ ግን ከአንዲት ባልንጀራቸው ጋር የዛሬ አርባ ዓመት በተደረገ ሠርግ ላይ ማን ወጡን እንዳሳረረው ክርክር ገጠሙ። እኛ ከነገሩ ምንም አልገባንም፤ እነርሱ ግን እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አንድ ጊዜም ወደ እኛ ዘወር ብለው፣ «እናንተ ልጆች ተቀምጣችሁ አትዩን፤ እንጀራውን አቅርቡ እንጂ!» ብለው አዘዙን።

ስንመልሳቸው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደክሞን ወንበሩን አሳረፍን። «ቀስ በሉ፤ ጠላ ጠጥቻለሁ» አሉን። ከዚያ በታኅሣሥና በጥርም አውርደናቸዋል፤ አንድ ጊዜ ዘግይተን ሄደን ተቆጥተውናል። የሚቀጥለው ወር ተሸካሚዎች ስም በጽሕፈት ቤታችን በር ላይ ተለጥፏል። አንድ ሰው ስለሚጎድለን ፈቃደኛ የሆነ ከ12 በፊት ይመዝገብ።