ልጅን ለማዳን እናትን መቅጣት ይገባልን?

በኤች አይ ቪ የተያዙ ሕፃናት አብዛኞቹ ቫይረሱ የተላለፈባቸው ከእናታቸው ነው፤ በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም በጡት ማጥባት። ሕግ አውጪ ከባድ ጥያቄ የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው። ልጁን የሚያሰጋው በሽታ የሚመጣው አብልጣ ከምትወደው ሰው ከሆነ፣ ሕጉ ከማን ጎን ይቆማል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕግ አውጪዎችም ጭምር የሕፃናትን ደኅንነት እንዲያስቀድሙ ያዛል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 514 ደግሞ ተላላፊ በሽታን ሆን ብሎም ሆነ በቸልተኝነት የሚያስተላልፍን ይቀጣል። ይህ ቅጣት ነፍሰ ጡርን እንዲያስፈራ ከተተወ ግን ጉዳቱ ለልጁ ይተርፋል፤ ውጤቷን ማወቅ የሚያስከስሳት የመሰላት ሴት አለመመርመርን ትመርጣለችና። ሕክምና ካልተደረገ ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ይያዛሉ፤ እናት መድኃኒቷን በወቅቱ ጀምራ ካላቋረጠች ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። ስለዚህ ልጁን የሚጠብቀው ሕግ እናቱን ከፍርሃት የሚያወጣው ነው። ቅጣት ተገቢ ቦታው ሌላ ነው፤ ሕፃን በሚደፍር፣ ልጅን ያለ ዕድሜዋ በሚድር ሰው ላይ ሊጠነክር ይገባል።

ፍርሃትን ማንሳት የሥልጣን ቃል እንደሚችል በሃይማኖትም ታይቷል። ጠበል የሚጠመቁ አንዳንድ ሕሙማን መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል ይመስላቸው ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ አብረው እንዲሄዱ መከሩ።

በአዲስ አበባው አቃቂ ቃሊቲ ደግሞ እናትን ከምርመራ የሚያስቀረው ፍርሃት ከእንጀራ ጋር ይያያዛል። አካባቢው የፋብሪካ ሰፈርና የከባድ መኪና መተላለፊያ ነው፤ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮም የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት የአቃቂ ፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትሏል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለምርመራ ስትሄድ የቀን ደመወዟ ከተቆረጠ ትቀራለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእርግዝና ምርመራ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ፣ ለወሊድም 120 ቀን ይሰጣል። ይህ ድንጋጌ ኤድስን ባይጠራም እናት እንድትመረመር በማስቻል ልጁን ከቫይረሱ ለመከላከል ይረዳል። ችግሩ አዋጁ ሁሉንም አለማቀፉ ነው፤ የቤት ሠራተኞችን ትቶ የሥራ ሁኔታቸውን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አስተላልፏል። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምታገለግል ወጣት ስታረግዝ ወደ ጤና ጣቢያ መሄዷ በአሠሪዋ ፈቃድ ላይ ያድራል፤ ሕግ አውጪው ቀድሞ ሊደርስላት የሚገባውም ለእሷ ነው።