ታዲያ ለምን አስቸገርከው?

እናቴ በስልክ የጠየቀችኝን አንድ ጥያቄ ላካፍላችሁ። ጥያቄው ስለ ዓሣ ነው። ባሰብኩበት ቁጥር ግን ስለ ዓሣ ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

የምኖረው ጀርመን ሀገር ነው። ባለፈው ዓመት በነሐሴ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለዕረፍት ወደ ደቡብ ስዊድን፣ ስሞላንድ ወደሚባለው ሐይቅ የበዛበት አውራጃ ይዞኝ ሄደ። የሄድነው ፓይክ የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ ነበር። ፓይክ ሌሎች ዓሦችን አድኖ የሚበላ ትልቅ ዓሣ ነው። ሰውነቱ ረጅም፣ አፉ እንደ ዳክዬ ጠፍጣፋ፣ ጥርሶቹም ወደ ውስጥ የዘመሙ ናቸው። በውሃ ሣር መካከል ሳይንቀሳቀስ ይጠብቅና በአጠገቡ ባለፈው ላይ በድንገት ይወረወራል። የራሱን ዘር ትንንሾች እንኳ አይምርም። ርዝመታቸው ከአንድ ሜትር የሚያልፍ አሉ፤ እነዚህ ግዙፎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶቹ ናቸው።

ያጠመድነው በጀልባ አይደለም። በአየር የሚነፋ፣ እንደ ፈረስ ኮቴ የተቆለመመ የአንድ ሰው መቀመጫ አለ። እስከ ደረት የሚደርስ ውሃ የማያስገባ ሱሪና የሕይወት ማዳኛ ሰደርያ ትለብሳላችሁ፤ በእግራችሁም እንደ ዳክዬ እግር ሰፋ ያለ መቅዘፊያ ታጠልቃላችሁ። ከዚያ እግራችሁን ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ ትቀመጣላችሁ። ስትቀዝፉ የምትሄዱት ወደ ኋላ ነው። ነፋስ ከተነሣ እንደ ቅጠል ይዟችሁ ይሄዳል፤ ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው በመጀመሪያ ነፋሱ ወደሚመጣበት ይቀዝፋል፤ ሲደክመው ነፋሱ ራሱ ይመልሰዋል።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስታው ትልቅ ነበር። ሐይቁን ከዳር ሆኖ ማየትና በውስጡ ተቀምጦ ማየት አንድ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ዘንጌ በድንገት ጎበጠ። ዓሣዋ እኔን ከነመቀመጫዬ ወደ ሣሩ ጎተተችኝ። ልቤ እየመታ ታገልኳት። በመጨረሻ ደክማ አጠገቤ ስትደርስ፣ ከክንዴ በጣም የምትረዝም ሆና አገኘኋት። ባልደረባዬ መንጠቆውን በፒንሳ አወጣና ፎቶ አነሣኝ። ፎቶውን አይቼ፣ «ዓይኔን ጨፍኛለሁ፤ እባክህ አንዴ ድገመው» አልኩት። ደገመው። ዓሣዋ ይህን ሁሉ ጊዜ አየር ላይ ነበረች።

ወደ ውሃው ስመልሳት ሆዷ ወደ ላይ ተገለበጠ። ነሐሴ ስለ ነበር የሐይቁ የላይኛው ውሃ ሞቆ ነበር፤ የሞቀ ውሃ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው። ጅራቷን ይዤ፣ ቀና አድርጌ ደግፌአት ቆየሁ። ነፋሱ ሁለታችንንም ይዞን ይሄድ ነበር። ጉንፏ ቀስ እያለ ሲከፈትና ሲዘጋ በቅርብ አየሁት። ከብዙ ቆይታ በኋላ ጅራቷን አወዛውዛ ቁልቁል ሰጠመች። ትኑር ትሙት አላውቅም።

ማታ ፎቶውን ሐዋሳ ላለችው እናቴ ላክሁላት። እኛ ያደግነው አሞራ ገደል ካለው የዓሣ ገበያ ብዙ ሳንርቅ ነው፤ በቤታችን ዓሣ ማለት ምግብ ነው። ወዲያው ደወለች።

«ጎሽ ልጄ! ስንት ሰው በላበት?»

«አልበላነውም እማዬ፤ መልሼ ለቀቅኩት።»

«ምነው፣ በሽታ ነበረው እንዴ?»

«የለም፣ ጤነኛ ነበር።»

ትንሽ ዝም አለችና «ታዲያ ለምን አስቸገርከው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ መልስ ስፈልግ ቆይቻለሁ።

በመጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሕግ ነው። የጀርመን የእንስሳት ጥበቃ ሕግ ማንም ሰው ያለ በቂ ምክንያት በእንስሳ ላይ ሕመም፣ ሥቃይ ወይም ጉዳት እንዳያደርስ ይከለክላል። ስለዚህ መልሶ ለመልቀቅ ብቻ ብሎ ማጥመድ በዚያ ሀገር በሕግ ያስጠይቃል። ስዊዘርላንድም ይህንኑ በግልጽ ትከለክላለች። በስዊድን ግን ይፈቀዳል፤ እንዲያውም በባልቲክ ባሕር ዳርቻዋ ከ75 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ፓይክ የተያዘ እንደ ሆነ መመለስ ግዴታ ነው፤ ትልልቆቹ እናቶች ብዙ እንቁላል ስለሚጥሉ ዘር እንዲተርፍ ነው። እንግዲህ ድንበር በተሻገርን ቁጥር ሕጉ ይለያያል። ሕግ ቅጣትን ይነግረኛል፤ የእናቴን ጥያቄ ግን አልመለሰልኝም።

ቀጥሎ ወደ ሳይንስ ሄድኩ። በ2003 ሊን ስኔደን የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በስኮትላንድ ባደረገችው ጥናት፣ ትራውት በሚባሉ ዓሦች ከንፈር ላይ የሚያቃጥል ነገር ተወጋ። ዓሦቹ ከንፈራቸውን በጠጠር ላይ አሹ፤ ወደ ምግብም ለመመለስ ዘገዩ። ከዚህ ተነሥታ ዓሣ ሕመም ይሰማዋል አለች። ጄምስ ሮዝ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር ግን የዓሣ አንጎል የእኛን ዓይነት ሕመም የሚሰማበት ክፍል ስለሌለው፣ የምናየው የሰውነት ምላሽ እንጂ ሥቃይ አይደለም ይላል። ክርክሩ ቀጥሏል።

እኔ በዚህ ላይ ፈራጅ ልሆን አልችልም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ዓሣ አይሰማውም ብዬ ባጠምድና ብሳሳት ዋጋውን የምትከፍለው ዓሣዋ ናት። ይሰማዋል ብዬ ብተውና ብሳሳት እኔ የማጣው የአንድ ከሰዓት ደስታ ነው። እርግጠኛ ባልሆንበት ነገር የስሕተቴን ዕዳ መናገር በማይችል ፍጥረት ላይ መጫን ተገቢ ነውን?

ባልደረባዬ ጥሩ መከራከሪያ ነበረው። «ብትበላት ትሞት ነበር፤ ለቀቅካት፤ እድል ሰጠሃት። ደግሞም ሐይቁ ንጹሕ እንዲሆን የሚጮኸው አጥማጁ ነው» አለኝ። የመጨረሻው እውነት ነው፤ ከእሱ በላይ ለዚያ ሐይቅ የሚጨነቅ ሰው አላየሁም። የመጀመሪያው ግን ማነጻጸሪያው ልክ አይደለም። ዓሣዋ በመጥበሻና በነጻነት መካከል አልነበረችም፤ በሣሯ ውስጥ ነበረች። በሞትና በሕይወት መካከል ያቆምኳት እኔ ነኝ። ሰውን ወደ ጉድጓድ ገፍቶ ከጣለ በኋላ ገመድ ያቀበለ ሰው አዳኝ ተብሎ አይመሰገንም።

ማጥመድ ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። ከጌታ ደቀ መዛሙርት መካከል ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ ከትንሣኤው በኋላም በባሕሩ ዳር በፍም ላይ ዓሣ አዘጋጅቶላቸዋል። በዘዳግም ምዕራፍ 22 ደግሞ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቹ ጋር እንዳይወስድ ታዝዟል። መብላት ተፈቅዷል፤ ለመብላት እንኳ ግን ወሰን ተበጅቶለታል። ለምግብ የሚያስፈልገን ነገር እንዲህ ወሰን ካለው፣ ለጨዋታና ለፎቶ የምንፈልገው ያለ ወሰን ሊሆን አይችልም። ትንሿን ወይም ዘር የምታበዛውን ትልቋን መመለስ ለዓሣዋና ለሐይቁ ሲባል ነው። ገና ከመነሻው ለመልቀቅ ብሎ መንጠቆ መጣል ግን ለእኔ ሲባል ብቻ ነው።

ውድ ወጣቶች፤ ይህን የምጽፈው ብዙዎቻችሁ መንጠቆ ይዛችሁ ስለማታውቁ ጭምር ነው። በመካከላችን ያለ መንጠቆ ሌላ አለ። ወንድሜ፣ ልታገባት ሳታስብ የእኅትህን ልብ ለማሸነፍ ብቻ ስትከተላት ከርመህ፣ እሺ ባለችህ ማግስት የቀዘቀዝክ እንደ ሆነ፣ «ምንም አላደረግኳትም፤ በሰላም ተለያየን» ትላለህ። እኅቴ፣ አንቺም መፈለግን ብቻ ወደሽ የወንድምሽን ተስፋ አቆይተሽ ይሆናል። መልቀቅ መንጠቆው የወጋውን አይሽረውም። የለቀቅነው ሰው ወደ ጥልቁ ሲወርድ እናያለን፤ እንዴት እንደሚኖር ግን አናይም።

አሁንም በዚያ መቀመጫ ሐይቅ ላይ እወጣለሁ። አንዳንድ ቀን ዘንግ አልይዝም። ስይዝ ለምግብ የሚበቃ አንድ ዓሣ እወስዳለሁ፤ ቶሎ እንዲሞት አድርጌ፣ ፎቶ ሳላነሣ፣ እሾሁን ለቅሜ ለቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ዱለት እሠራዋለሁ። ይህ ጥያቄውን ሙሉ በሙሉ እንደማይዘጋው አውቃለሁ። ቢያንስ ግን እናቴ ስንት ሰው እንደበላ ስትጠይቀኝ የምመልሰው አለኝ።

እናንተም ደስታችሁን ከመጀመራችሁ በፊት ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ጠይቁ። የሚከፍለው ሌላ ከሆነና የምትሰጡት ምክንያት ከሌላችሁ፣ መንጠቆውን አትጣሉት።