ተመልካችና ምስክር

«ልብ ካላየ ዐይን አያይም» ሲሉ አበው የተናገሩት ዐይንን ለመንቀፍ ሳይሆን ልብን ለመውቀስ ነው። ዐይን የቀረበላትን ሁሉ ትቀበላለች፤ የተቀበለችውን መርምሮ ይህ ደግ ነው፥ ይህ ክፉ ነው ብሎ የሚፈርደው ግን ልብ ነው። ስለዚህ ማየት ብቻውን በጎ ሥራም ክፉ ሥራም አይደለም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በገበያ መካከል ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ ከብበው የሚያዩትን «ስለ ምን አላገላገላችሁም?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «እኛ ምን አደረግን? ቆመን አየን እንጂ» ብለው ይመልሱልናል። መልሳቸው እውነት ነውን? የሚያይ ሰው በሚያየው ነገር ላይ አንዳች ድርሻ የለውምን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በመጀመሪያ በሲኒማ፥ ቀጥሎም በገዛ ከተሞቻችን ኑሮ መመርመር ነው።

ለጥያቄው መነሻ የሚሆነን በ2013 በአውሮፓውያን አቈጣጠር የወጣው «ዘ ሀንገር ጌምስ፦ ካቺንግ ፋየር» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ፊልሙ ሱዛን ኮሊንስ ከጻፈቻቸው ተከታታይ መጻሕፍት ከሁለተኛው የተወሰደ ሲሆን፥ በ2012 ለወጣው ለመጀመሪያው ክፍል ተከታይ ነው። ታሪኩ ገና ስላልመጣ ክፉ ዘመን ይናገራል። ፓኔም በምትባል የልብ ወለድ አገር፥ ካፒቶል የተባለችው ባለጸጋ ከተማ ዐሥራ ሁለት አውራጃዎችን አስገብራ ትገዛለች። ስለ ጥንት ዐመፃቸው ቅጣት ይሆን ዘንድ፥ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 18 ዓመት የሆነ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ከየአውራጃው በየዓመቱ በዕጣ ይወሰዳሉ። እነዚህም 24 ልጆች በአንድ ሜዳ ገብተው፥ አንድ ብቻ እስኪቀር ድረስ ሲገዳደሉ አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን ይመለከታል። ደራሲዋ አሳቡ የመጣላት፥ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችን ስትቀያይር በአንደኛው የወጣቶች ውድድር በሌላው የኢራቅ ጦርነት እየታየ፥ ሁለቱ በዐይኗ በተደባለቁ ጊዜ እንደ ሆነ ተናግራለች።

ይህ ፊልም በ2013 ከወጡት ፊልሞች ሁሉ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የላቀውን ገቢ አግኝቷል። እንዲህ ያሉ ፊልሞች ወደ ሆሳዕና፥ ወደ ዱራሜ፥ ወደ ሾኔና ወደ ሺንሺቾ የሚደርሱት በቪዲዮ ቤትና በእጅ ስልክ፥ ብዙ ጊዜም የአማርኛ ትርጕም በላያቸው እየተነገረ ነው። በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው የተመልካቹን ጠባይ ያውቀዋል፤ ጀግናው ሲመታ ቤቱ ያጕረመርማል፤ ጠላቱ ሲወድቅ ያፏጫል፥ ያጨበጭባል። በሌላ ፊልም ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም። በዚህኛው ግን ነገሩ ይለያል፤ ፊልሙ የሚነቅፈው ልጆች ሲሞቱ ተደላድሎ ተቀምጦ የሚያጨበጭበውን የካፒቶልን ሰው ነውና። እኛም በዚያች ሰዓት ስናጨበጭብ የተቀመጥነው በዚያ ሰው ወንበር ላይ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ከመጀመሪያው የሚበልጥበትም ምክንያት ከግድያው ይልቅ ስለ ተመልካቹ አብዝቶ መናገሩ ነው። ካትኒስ የተባለችው ልጅ ከሜዳው በሕይወት ከወጣች በኋላ በየአውራጃው እየዞረች ድሏን እንድታሳይ ትገደዳለች። ሕዝቡ በአደባባይ ተሰብስቦ ይቀበላታል፤ በፊት ለፊቷ ግን የሞቱት ልጆች ቤተ ሰቦች በልጆቻቸው ሥዕል ሥር ቆመዋል። በዐሥራ አንደኛው አውራጃ፥ ስለ ሞተችው ታናሽ ልጅ የኀዘን ቃል በተናገረች ጊዜ፥ አንድ ሽማግሌ ሦስት ጣቱን ወደ ላይ አንሥቶ የአክብሮት ምልክት ያሳያታል፤ ሌሎቹም ይከተሉታል። ወታደሮች ግን ሽማግሌውን ጐትተው በሕዝብ ፊት ይገድሉታል። ሽማግሌው ጦር አላነሣም፤ የታዘዘውን ጭብጨባ ነፈገ፥ ያልታዘዘውን ኀዘን ሰጠ እንጂ።

የካፒቶል ተመልካች ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ያለፉት ዘመናት አሸናፊዎች እንደ ገና ወደ ሜዳው እንዲገቡ በታዘዘ ጊዜ፥ የሚወዷቸው የካፒቶል ሰዎች ያለቅሳሉ፤ ውድድሩ ይቅር እያሉም ይጮኻሉ። ዕንባቸው የሐሰት አይደለም። ሆኖም ውድድሩ ይጀመራል፤ ትርዒቱም ይቀጥላል። ከዚህ የምንረዳው ማልቀስና መቃወም አንድ አለመሆናቸውን ነው።

ፊልሙን ያየው የውጭው ዓለም ሕዝብም በሁለት መንገድ ተከፈለ። በአሜሪካ አንድ የታወቀ የመዋቢያ ኩባንያ በካፒቶል ስም የተሰየሙ ቀለሞችን ለገበያ አቀረበ፤ የጨቋኞቹ ጌጥ ለተመልካቹ መኳኳያ ሆነ። በታይላንድ ግን በግንቦት 2014 የጦር ሠራዊቱ ሥልጣን ከያዘ በኋላ፥ ተቃዋሚዎች ሦስቱን ጣት በአደባባይ ያነሡ ጀመር። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር አምስት ተማሪዎች በኮን ኬን ከተማ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ፊት ምልክቱን አሳይተው ተያዙ፤ በዚያው ሳምንት የሚቀጥለው ክፍል ሲወጣም አንድ የባንኮክ ሲኒማ ድርጅት ፊልሙን ማሳየቱን ተወው። በ2021 ይኸው ምልክት በምያንማር አደባባዮች ታየ። በሌሎች አገሮች ፖለቲካ ላይ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ድርሻ አይደለም፤ ማስተዋል የሚገባን አንድ ፊልም አንዱን ሰው ሸማች፥ ሌላውን ምስክር ማድረጉን ነው።

ትርዒት በነፍስ ላይ ስለሚሠራው ሥራ የጥንት ፈላስፎችም አልተስማሙም። አፍላጦን በመድረክ ላይ ለሚታየው መከራ ማልቀስን የለመደች ነፍስ በገዛ መከራዋ ጊዜ ትደክማለች ብሎ ሠጋ፤ አርስጣጣሊስ ግን በትራጄዲ የሚነሡት ርኅራኄና ፍርሃት ነፍስን ያነጻሉ አለ። ከሁለቱም ይልቅ ወደ ጕዳያችን የሚቀርበው አውግስጢኖስ ስለ ወዳጁ ስለ አሊጲዮስ የጻፈው ነው። አሊጲዮስን ጓደኞቹ በሮም ወደ ግላዲያተሮች ትግል በግድ ቢወስዱት ዐይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ፤ የሕዝቡ ጩኸት በተሰማው ጊዜ ግን ዐይኑን ገለጠ፤ ከዚያ በኋላ ከጮኹት ጋራ ጮኸ፥ ሌሎችንም እየሳበ የሚመለስ ሆነ። መጀመሪያ የማረከው ያየው ደም ሳይሆን የሰማው የሕዝብ ድምፅ ነው። እንግዲህ የተመልካች ድምፅ ባዶ ነፋስ አይደለም፤ ሌላውን ሰው ወደ ሜዳው የሚስብ ኀይል ነው።

አሁን ከሲኒማው ወጥተን ወደ ራሳችን ኑሮ እንመለስ። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች በኬንያ፥ በታንዛኒያ፥ በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲጓዙ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። የተሳካለት ገንዘብ ይልካል፤ ቤት ያሠራል፤ ለሠርጉ በተመለሰ ጊዜ ከተማው በእልልታ ይቀበለዋል። ይህ የድል ዙረት ነው። ነገር ግን በመጋቢት 2020 በሞዛምቢክ፥ በቴቴ፥ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኙ፤ 14 ሰዎች ብቻ በሕይወት ተረፉ። ፎቁ በመንገድ ዳር ቆሞ ለመንገደኛ ሁሉ ይታያል፤ መቃብሩ ግን በሰው አገር ነውና አይታይም። ለሚታየው እናጨበጭባለን፤ ስለማይታየው ዝም እንላለን። የመንገዱን ዋጋ የሚያሰላው ወጣትም በዐይኑ የሚያየው የተመለሱትን ብቻ ነው።

በዚህ ምሳሌ ቅር የሚለው አንባቢ ይኖራል። «በፓኔም ልጆቹን የሚልክ ጨካኝ ገዢ ነው፤ የእኛ ልጆች ግን በፈቃዳቸው ይሄዳሉ። መሬቱ ጠባብ፥ ሕዝቡ ብዙ፥ ሥራው ጥቂት ነው። የላኩትም ገንዘብ ወላጅ ጦሯል፥ ታናናሾችን አስተምሯል» ይለናል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ እንጀራ ፍለጋ የወጣውን የሚነቅፍ ሰውም ራሱ የጠገበ ነው። ነገር ግን የወጣት ፈቃድ ከሰማይ አይወርድም፤ ሕዝብ ሲያመሰግን ከሚሰማው ይበቅላል። መምህሩ በክፍል ውስጥ የትምህርትን ጥቅም ሲያስረዳ፥ በሠርጉ ድንኳን የሚሰማው እልልታ ሌላ ትምህርት ያስተምራል። ሁለተኛው መምህር ከፊተኛው የበለጠ የሚደመጥ ከሆነ፥ ስሕተቱ የተማሪው ብቻ ነውን? ገንዘብ ላከልኝ ብሎ ልጁን የሚያመሰግን አባት ከጎረቤቱ ሳይመለስ የቀረውን ልጅ ስም አብሮ ቢያነሣ፥ ደስታውን አያጐድልም፤ እውነቱን ይሞላል እንጂ።

ሕዝብ የጭብጨባውን አቅጣጫ ሊለውጥ አይችልም የሚል ቢኖር፥ መልሱ ከከምባታ ይገኛል። በዚያ አገር የሴት ልጅ ግርዛት የክብር ወግ ሆኖ ኖሯል፤ ያልተገረዘች ልጅ የሚያገባት አይገኝም ይባል ነበር። ወይዘሮ ቦጋለች ገብሬ በዚያው ተወልደው፥ በእስራኤልና በአሜሪካ ከተማሩ በኋላ፥ በ1997 ወደ አገራቸው ተመልሰው ከእኅታቸው ጋራ የሴቶች ማኅበር አቋቋሙ። ሕዝቡ በመጀመሪያ የጠየቃቸው ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፥ ሰዎችም ወደ ገበያ የሚሻገሩበትን ድልድይ ነበር። ድልድዩን አስቀድመው አሠሩ፤ ስለ ግርዛቱ የሚደረገው ውይይት ከዚያ በኋላ በመተማመን ቀጠለ። በ2002 አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ስታገባ 2,000 ያህል ሰው ተሰበሰበ፤ ሙሽሮቹም በዚህ ነገር ደስተኞች መሆናቸውን በጽሑፍ በላያቸው አንጠልጥለው ቆሙ። በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግም የሴት ልጅን ግርዛት በቅጣት ከለከለ፤ የከምባታ አደባባይ ግን ከሕጉ ቀድሞ ነበር። ወይዘሮ ቦጋለች በ2019 ዐረፉ።

በዚያ ሠርግ የተገኘው ሕዝብ ያው ሕዝብ ነው፤ እልልታውም ያው እልልታ ነው። የተለወጠው እልል የተባለለት ነገር ነው። ቀድሞ በዝምታውና በእልልታው ወጉን ያጸና የነበረ ተመልካች፥ በዚያች ቀን ለአንዲት ልጅ ሙሉ አካል ምስክር ሆነ።

በተመልካችና በምስክር መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ ይህ ነው። ሁለቱም ያያሉ፤ ተመልካች ግን ያየውን እዚያው ትቶት ወደ ቤቱ ይሄዳል፥ ምስክር ያየውን ይዞት ይወጣል፤ በተጠየቀም ጊዜ ይናገረዋል። ከምስክር የሚፈለገው ሁልጊዜ እንደ ሽማግሌው በሞት ፊት መቆም አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚበቃው የማይገባውን ጭብጨባ መንፈግና የተረሳውን ሰው ስም መጥራት ነው።

የሆሳዕና ከተማ ስም ራሱ የሕዝብ ጩኸት ነው። በኢየሩሳሌም በር ዘንባባ ይዞ «ሆሳዕና» ብሎ የጮኸ ሕዝብ ነበር፤ በዚያው ሳምንት በዚያችው ከተማ «ስቀለው» የሚል የሕዝብ ጩኸት ተሰማ። የእሑዱም የዓርቡም ድምፅ ከሰው ጉሮሮ ወጥቷል። ፊልም አይተን ከቪዲዮ ቤት፥ እልል ብለንም ከሠርግ ቤት በወጣን ጊዜ ሁሉ፥ ከሁለቱ ድምፆች የትኛውን እንዳሰማን ልባችንን እንጠይቀው።