ጭካኔ ኃይል ነውን?

ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ብርቱ መሆንን ይወዳል፤ ደካማ መባልንም ይጠላል። ይህ ፈቃድ በራሱ ክፉ አይደለም፤ እግዚአብሔር ሰውን በአርአያው ሲፈጥረው ምድርን እንዲገዛ ኃይልን ሰጥቶታልና። ነገር ግን «ብርታት ምንድር ነው? የሚገለጠውስ በምንድር ነው?» ብሎ ሳይመረምር ብርታትን ብቻ የሚሻ ሰው፥ ጭካኔ የብርታትን ልብስ ለብሳ ስትመጣ ለይቶ ሊያውቃት አይችልም። ዛሬ ለክርስቲያን ወገኖቻችን ልናስረዳ ያሰብነው ይህንኑ ነው፤ ምሳሌ የምናደርገውም ጭካኔን በግልጥ እንደ ሃይማኖት የያዘውን አንድ ቡድን ነው።

በምዕራቡ ዓለም ራሳቸውን የሰይጣን ተከታዮች ብለው የሚጠሩ ወገኖች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግን አንድ አይደሉም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው «የሰይጣን ቤተ ክርስቲያን» የተባለው ማኅበር ራስ ወዳድነትን እያመሰገነ ቢያስተምርም፥ ሰውን መግደልን አይፈቅድም። በጭካኔው ከሌሎቹ የተለየው ግን በ1970ዎቹ ዓመታት በእንግሊዝ አገር የበቀለው፥ «የዘጠኙ ማዕዘናት ሥርዓት» የተባለው ቡድን ነው። ዋና ዋናዎቹ ጽሑፎቹ «አንቶን ሎንግ» በሚል የብዕር ስም የወጡ ናቸው። የትምህርቱ ፍሬ ነገርም ይህ ነው፦ ርኅራኄ የሰውን ዘር አድክሞታል፤ ለዚህም ዋናው ተጠያቂ የክርስቶስ ሃይማኖት ነው፤ ሰው ከፍ ወዳለ ደረጃ የሚደርሰው ፍርሃቱንና ርኅራኄውን በከባድ ፈተና ሲያሸንፍ፥ ሕግንም ሲተላለፍ ነው፤ ከፈተናዎቹም አንዱ «አይረባም» ያሉትን ሰው መርጦ ማጥፋት ነው። ለሞት የታጨውም ሰው ምንም ሳያውቅ ጠባዩ እንዲፈተን ያዝዛል፤ በፈተናው ወደቀ ካሉ፥ ሞት የሚገባው ሆኖ ይቈጠራል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ቃል አይደለም። በ2020 ዓ.ም. አንድ ወጣት የአሜሪካ ወታደር፥ የገዛ ጓዶቹ ተከበው እንዲያልቁ የጦር ክፍሉን ምሥጢር ለዚህ ቡድን ተከታዮች አሳልፎ ሰጠ፤ ነገሩ አስቀድሞ ስለ ተደረሰበት አሳቡ አልተፈጸመም፤ እርሱም በ2023 ዓ.ም. የ45 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በዚያው በ2020 ዓ.ም. በለንደን፥ ዌምብሊ በተባለው ሰፈር፥ ልደት ለማክበር በመናፈሻ ያመሹ ሁለት እኅትማማቾች በሌሊት በስለት ተገደሉ። ገዳዩ የ18 ዓመት ወጣት ነበረ፤ ከዚህ ቡድን አሳብ ጋር በሚቀራረብ የኢንተርኔት መድረክ ይመላለስ እንደ ነበርም ተዘግቧል። ቤቱ ሲፈተሽ ለአንድ ጋኔን በደሙ ፈርሞ የጻፈው ውል ተገኘ። በውሉም በየስድስት ወሩ ስድስት ሴቶችን ሊገድል፥ ጋኔኑም በምላሹ ታላቅ የሎተሪ ዕጣ ሊያወጣለት ተጽፎ ነበር። በ2021 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ 35 ዓመት ሳይታሰርም ስለ መፈታት ሊጠይቅ አይችልም።

እንግዲህ ይህን ትምህርት በእርግማን ብቻ አንለፈው፤ በጥያቄ እንመርምረው።

መጀመሪያ፦ የማይረባውን ከሚረባው የሚለየው ማን ነው? ፈራጁስ ራሱን በዚያ ሚዛን አስቀምጦ ያውቃልን? ከሰው ወገን አስቀድሞ ደካማ ሳይሆን ብርቱ የሆነ የለም። ዘጠኝ ወር በማኅፀኗ የተሸከመችው፥ ጡት ያጠባችው፥ ሲታመም እንቅልፍ አጥታ ያደረችለት እናት ባትኖር፥ ይህን ትምህርት የጻፈው ሰው ብዕር ለመያዝ ባልደረሰም ነበር። በዚያን ሌሊት ከመኝታው አጠገብ የገዛ ደቀ መዝሙሩ ቆሞ ቢሆን «ይህ አይረባም» ባለው ነበር። ርኅራኄን የሚነቅፈው ትምህርት በርኅራኄ ያደገ ነው፤ ባላገር «እናት ጡት ነካሽ» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው። ነገም ሽምግልና ወይም ደዌ ሲያገኘው፥ የሚመገበውና የሚጠጣው ትምህርቱን ካልተቀበሉ ሰዎች እጅ ነው።

ሁለተኛ፦ መግደል ብርታት ነውን? ነብርም እባብም ይገድላሉ። ያልተዘጋጀውን ሰው በጨለማ ለመውጋት የሚያስፈልገው ስለት ነው እንጂ የባሕርይ ልዕልና አይደለም። ያ ወጣት በደሙ ፈርሞ የለመነው ምን ነበረ? የሎተሪ ገንዘብ። ከሕግ ሁሉ በላይ እሆናለሁ ብሎ የተነሣው ሰው፥ የገንዘብ ባሪያ ሆኖ ተገኘ።

በአንጻሩ የሟቾቹን እናት እንመልከት። እኒህ እናት በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በክህነት ያገለገሉ ናቸው። በዚህ ረገድ ሥርዓታቸው ከሥርዓታችን ቢለይም፥ ለልጆቻቸው ገዳይ ይቅርታ ማድረጋቸውን በአደባባይ መናገራቸውን ግን በአክብሮት እንጠቅሳለን። ስለት ከማንሣትና ይህን ቃል ከልብ ከማውጣት የበለጠ ብርታት የሚጠይቀው የትኛው ነው? መልሱን ልጅ የቀበረ ሁሉ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል፤ ልንሸሸውም አይገባንም። ይኸውም፦ «የእናንተስ ቅዱሳን ጨካኞች አይደሉምን?» የሚል ነው። ቡድኑ ሰባት ማዕርጋት አሉት፤ ተከታዩ በአንዱ ማዕርግ ለወራት ከሰው ተለይቶ በዱር ይቀመጣል፤ በሌላውም በዋሻ ጨለማ ይሰነብታል። የእኛም መናንያን ከዘመድ ተለይተው በዋሻ ይዘጋሉ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም አንድ እግራቸው እስኪሰበር ድረስ ቆመው መጸለያቸው በገድላቸው ተጽፎ ይገኛል። በውጭ ሲታይ ድካሙ ድካምን፥ ዋሻውም ዋሻን ይመስላል። ታዲያ ልዩነቱ ወዴት አለ?

ልዩነቱ በድካሙ ብዛት አይደለም፤ ድካሙ ወዴት እንደሚመለከት ነው እንጂ። ጌታችን በምድረ በዳ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት በጾመ ጊዜ፥ ፈታኙ መጥቶ ኃይሉን ለገዛ ረኃቡ እንዲያውለው ጠየቀው፤ እርሱም እምቢ አለ። ያው ጌታ ግን ሕዝቡ በተራቡ ጊዜ ራርቶ እንጀራውን አበረከተላቸው (ማቴ. 4፥ 1-11፤ 14፥ 13-21)። ኃይሉ አንድ ነው፤ ለራሱ የከለከለውን ለሌላው ሰጠ። የቅዱሳንም ጭካኔ ይህን መንገድ የተከተለ ነው፦ በራሳቸው ይጨክናሉ፥ ለባልንጀራቸው ይራራሉ። የእነዚያ ሰዎች ፈተና ግን መጨረሻው ሌላውን ለራስ ክብር መሠዋት ነው። አንድም፦ ሰውየው ከዋሻው በወጣ ጊዜ በእጁ ምን እንደ ያዘ ማየት ነው።

በየዓመቱ ሰኔ 24 ቀን የምናስባቸው አባ ሙሴ ጸሊም በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ የኖሩ አባት ናቸው። ከመመንኰሳቸው አስቀድሞ በጕልበታቸው የታወቁ የወንበዴዎች አለቃ፥ ነፍሰ ገዳይም ነበሩ። ዛሬ እነዚህ ሰዎች የብርታት ጫፍ ብለው የሚመኙትን ሁሉ እርሳቸው አድርገውት ነበር፤ አድርገውም ባዶ ሆኖ አገኙት። ወደ አስቄጥስ ገዳም ከገቡ በኋላ ጕልበታቸው አልጠፋም፤ ሥራው ተለወጠ እንጂ። ውኃው ከበኣታቸው ሩቅ ስለ ነበረ መቅዳት ለተሳናቸው ሽማግሌዎች መነኮሳት፥ በሌሊት እየተነሡ ማድጋቸውን ይሞሉላቸው ነበር። አንድ ወንድም በድሎ ሊፈረድበት ማኅበሩ በተሰበሰበ ጊዜም የሚያፈስ ዕቃ ተሸክመው ሄዱ፤ የገዛ ኃጢአታቸው ከኋላቸው ሲፈስ እንደማያዩት ለማስረዳት ነው። በመጨረሻም አረመኔዎች ገዳሙን በወረሩ ጊዜ አልሸሹም፤ ሰይፍም አላነሡም፤ በዚያው ተገደሉ። የዌምብሊው ወጣት በሌሊት ወጣ፤ አባ ሙሴም በሌሊት ይወጡ ነበር። አንዱ ስለት ይዞ ነበር፤ አንዱ ማድጋ።

ወገኖቻችን ሆይ፥ ይህ ሚዛን እኛንም ይመዝናል። ተነሳሒው ሊሸከመው የማይችለውን ቀኖና ጭኖ ተስፋ የሚያስቈርጥ ካህን፥ መጾሙን ምክንያት አድርጎ መጾም ያቃተውን በሽተኛ የሚንቅ ምእመን፥ ጎረቤቱን «ቡዳ ነው» ብሎ ከሰው የሚለይ ሰው፥ ድካሙን ከራሱ አንሥቶ በሌላው ላይ አዙሯል። የሰይጣንን ሥራ መጥላትም ራሱ ከዚህ ወጥመድ አያድንም። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የአንድ መዋዕለ ሕፃናት ሠራተኞች ሕፃናትን ለሰይጣን አምልኮ ያውሉ ነበር ተብለው ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ተከሰሱ፤ ክርክሩ እስከ 1990 ዓ.ም. ቈይቶ አንድ ሰው እንኳ ጥፋተኛ ሆኖ ሳይገኝ ተዘጋ። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን አንዳንዶቹ በወኅኒ ኖረዋል፤ ስማቸውም ጠፍቷል። ሰይጣንን እያሳደድን ነው ሲሉ ንጹሓንን አሳደዱ።

የወጣቶቻችንም ነገር ሊታሰብ ይገባዋል። ዛሬ በአገር ቤትም በውጭ አገርም ያሉ ልጆቻችን የዓለሙን ጽሑፍ ሁሉ በእጃቸው ባለ ስልክ የሚያነቡ ናቸው። ወጣት ከባድ ነገርን ይወዳል፤ ኃይሉን የሚፈትንበትን ይሻል። እኛ ከበዓልና ከድግስ በቀር ሌላ ካላሳየነው፥ ከባዱን ነገር የሚያሳየው ሌላ መምህር ያገኛል። ስለዚህ «ተጠንቀቅ» ብሎ መገሠጽ ብቻ አይበቃም፤ ሥራ እንስጠው። በየአጥቢያው አልጋ የያዙ አረጋውያን፥ ጠያቂ ያጡ እስረኞች፥ አስታማሚ የሌላቸው ድውያን አሉ። የሽማግሌ ቍስል ማጠብ ለአንድ ቀን ቀላል ይመስላል፤ ዓመቱን ሙሉ ያለ ምስጋና ማጠብ ግን ልብን የሚፈትን ገድል ነው። ይህን የቀመሰ ወጣት፥ «ርኅራኄ ድካም ነው» የሚል መጽሐፍ ቢያገኝ በማን ልብ እንደ ተጻፈ ያውቀዋል፤ ርኅራኄን አንድ ቀን እንኳ ባልሞከራት ሰው ነው።

የአባ ሙሴን ልብ የለወጠ አምላክ፥ በጨለማ የሚሄዱትን ይመልስልን፤ ጕልበት ያለንንም ሁላችንን ጕልበት ለሌላቸው ውኃ ቀጂዎች ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።