ዲኤክስ መግዛት ኃጢአት ነው?

በወጣቶች ኅብረት የጥያቄ ሰዓት፣ ስም ሳይጻፍባቸው ከሚመጡልን ወረቀቶች ብዙዎቹ የሚያልቁት በሁለት ቃል ነው፦ «ኃጢአት ነው?» ዘፈን መስማት ኃጢአት ነው? እንዲህ ፀጉር መቆረጥ ኃጢአት ነው? በቅርቡ ከደረሱን አንዱ ግን ብዙ አሳሰበኝ። «እቁብ ወጥቶልኛል። ሞተሩ የተቀየረ፣ ዝቅ የተደረገ ዲኤክስ መግዛት እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ ብርህን አታባክን ይላሉ። አንዳንድ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደግሞ ዓለማዊነት ነው ይላሉ። ኃጢአት ነው?»

ለዚህ ጥያቄ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብዬ ማለፍ አልፈለግሁም። ቤተሰቡም የቤተ ክርስቲያን ሰዎቹም የሰጡት መልስ ዋናውን ነገር የሳተ ይመስለኛልና።

ዲኤክስ የምንለው ጃፓኖች እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የሠሩት የቶዮታ ኮሮላ ትውልድ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የፍጥነት መኪና አልነበረም። ትንሽ ሞተር ያለው፣ በካርቡራቶር የሚሠራ፣ የኋላ ጎማው የሚገፋው፣ ተራ የቤተሰብ መኪና ነበር። የፍጥነት መኪና ያደረጉት የእኛው አገር ጋራዦች ናቸው። ትልቅ ሞተር ገጠሙለት፤ ሞላውን ቆርጠው ዝቅ አደረጉት፤ ሰፋፊ ቸርኬ አስገቡለት፤ ማርሚታውን ቀይረው ድምፁ ከሁለት መንገድ ማዶ እንዲታወቅ አደረጉ። (በአነዳዱ ከሩቅ የታወቀ ሰው በመጽሐፍ ቅዱስም አለ። በ2ኛ ነገሥት 9፥20 ላይ በኢይዝራኤል ግንብ የቆመው ጠባቂ የሚመጣው ኢዩ መሆኑን የለየው ፊቱን አይቶ አይደለም፤ ሠረገላውን ሲያከንፍ አይቶ ነው። ኢዩ ዛሬ አዳማ ቢኖር ምን ይነዳ እንደነበር ለእናንተ እተወዋለሁ።)

በመጀመሪያ «ዓለማዊነት ነው» የሚለውን ልመልከት። እኔ በዚህ አልስማማም። ዲኤክስ የሚወዱ ብዙ ልጆች መኪናውን በእጃቸው ያውቁታል። ካርቡራቶር ይፈታሉ፣ ይገጥማሉ፤ የሞተሩን ድምፅ ሰምተው ምን እንደጎደለው ይናገራሉ። በዘጸአት 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ የሞላው በብረትና በእንጨት ጥበብ እንዲሠራ ነው፤ በእጅ ሥራ መደሰት ከእርሱ የመጣ ስጦታ ነው። ደግሞም በመካከላችን የሚሆነውን እናስተውል። አንድ የተከበረ ሽማግሌ ውድና ትልቅ መኪና ገዝቶ ሲመጣ ግቢው ውስጥ ወጥተን እጃችንን ጭነን እንጸልያለን፤ «ጌታ ባረከው» እንላለን። አንድ ወጣት ከእርሱ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ኮሮላ ይዞ ሲመጣ ግን ምክር እንሰጠዋለን። ዘዳግም 25፥13 በከረጢት ውስጥ ታላቅና ታናሽ ሚዛን መያዝን ይከለክላል። ትእዛዙ ለእህል ነጋዴ ብቻ የተሰጠ አይመስለኝም።

ለታይታ የመግዛት ፈተና የለም ማለቴ አይደለም። ማንም የማያይህና ማንም የማይሰማህ ቢሆን ይህን መኪና ትፈልገዋለህ? መልሱን አንተና ጌታ ታውቁታላችሁ። ይህ ጥያቄ ግን ለዲኤክስ ብቻ ሳይሆን ለስልክም፣ ለሠርግም፣ ለመድረክ አገልግሎትም የሚሆን ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አልቆይም።

የቤተሰቡ ሥጋት ስለ ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ ወንድማችን ወላጆቹ ከሚያስቡት በላይ እውነት አለው። በሌላ አገር አርባ ዓመት የሞላው ተራ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ወደ ብረት ማቅለጫ ይሄዳል። በእኛ አገር ግን የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ መኪናው ባረጀ ቁጥር ግብሩም ይከብዳል። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። አዲስ የማይመጣ ከሆነ ቀድሞ የገባው ይፈለጋል። ስለዚህ «ዲኤክስ ብር አያጠፋም» የሚለው ክርክር የልጅ ክርክር አይደለም።

ነገር ግን ክርክሩ የሚነግረን መኪናው ሲሸጥ ስንት እንደሚያወጣ ነው። እስኪሸጥ ድረስ በመንገድ ላይ ምን እንደሚሆን አይነግረንም። ዋጋው አላረጀም፤ ብረቱ ግን አርጅቷል። መኪናው በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ተነድቷል ብንል እንኳ በ40 ዓመት 600,000 ይሞላል። ከምድር እስከ ጨረቃ ያለው ርቀት 384,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ መኪናው ጨረቃ ደርሶ የመመለሻውን መንገድ ከግማሽ በላይ ጨርሷል ማለት ነው። በዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቁጥር ይህን አይነግራችሁም። አምስት አኃዝ ብቻ ያለው ቆጣሪ መቶ ሺህ ሲሞላ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ ገመዱ ከተበጠሰ አይቆጥርም፤ ያም ባይሆን ወደ ኋላ የሚመልሰው ሰው አይጠፋም። «ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ነው» የሚል ደላላ ስለ አርባ ዓመት መኪና ሲናገር ሳቅ ይመጣብኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዘጸአት 21 ቁጥር 28 እና 29 ላይ ስለሚዋጋ በሬ የተሰጠ ሕግ አለ። በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፤ ባለቤቱ ግን ነጻ ነው። በሬው ከቀድሞ ጀምሮ የመዋጋት ልማድ ኖሮት፣ ለባለቤቱም ተነግሮት፣ እርሱ ግን ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው ቢሞት ነገሩ ይለወጣል፤ ባለቤቱም በደሙ ይጠየቃል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ተመልከቱ። በሬው ያው በሬ ነው፤ የሞተውም ያው ሰው ነው። የተለወጠው የባለቤቱ እውቀት ነው። ለባለቤቱ ተነግሮታል።

የአገራችን ሕግም ወደዚህ የተጠጋ አስተሳሰብ አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ስለሚመጣ ኃላፊነት ሲደነግግ እንስሳን፣ ሕንፃንና ባለ ሞተር ተሽከርካሪን በአንድ ክፍል ውስጥ ተከታትለው እንዲመጡ አድርጓል። ሦስቱም ጉዳት ሲያደርሱ ባለቤቱ ጥፋት ባይሠራም እንኳ ይጠየቃል። በሬው በዘጸአት 21 አለ፤ ሕንፃው ደግሞ ለአዲስ ቤት ጣሪያ መከታ እንዲሠራ በሚያዝዘው በዘዳግም 22፥8 አለ። መኪናውን የጨመረው ዘመኑ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም መኪና የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ይገባል። ስሙን ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? በመድን ውሉ አንደኛው ወገን ባለ መኪናው ነው፤ ሁለተኛው መድን ሰጪው። ሦስተኛው ምንም ሳይፈርም፣ ሳይጠየቅ፣ ዋጋ ሳይከራከር መንገድ ላይ የሚገኘው ሰው ነው። ቤተሰቡም የቤተ ክርስቲያን ሰዎቹም የረሱት ይህን ሰው ነው ባይ ነኝ። አንዱ ወገን ስለ ልጁ ብር አሰበ፤ ሌላው ስለ ልጁ ነፍስ። መንገድ ስለሚሻገረው ሰው ግን ማንም አላነሳም።

የሦስተኛውን ሰው ነገር አጥብቄ የያዝኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሞተር ሲቀየር መጀመሪያ የሚጠነክረው ጉልበቱ ነው፤ ፍሬኑ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ይቀራል። ሞተር ይሰማል፤ ፍሬን አይሰማም። «ስሙት እስቲ» ብሎ ጓደኞቹን ስለ ፍሬን ሸራው የሚጠራ ሰው አላየሁም። የተፈጥሮ ሕግ ደግሞ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ እስኪቆም ድረስ የሚፈለገው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን ይነግረናል። በ60 ሲሄድ በአንድ ቤት ርዝመት ውስጥ የሚቆም መኪና በ120 አራት ቤት ያስፈልገዋል፤ ይህም ፍሬኑ ጤነኛ ሲሆን ነው።

«የፍጥነት መንገድ አለን» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ከ2007 መጀመሪያ ጀምሮ የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ አለን፤ የታጠረ ነው፤ ባጃጅና እግረኛ አይገባበትም። ግን ማንም በፍጥነት መንገድ ላይ አይኖርም። ከክፍያ ኬላው ወጥታችሁ ከተማ ስትገቡ የሚጠብቃችሁ የአዳማ ባጃጅ ነው፤ ከጅቡቲ የሚመጣ ባለ ተሳቢ ነው፤ ጋሪ ነው። በመቂና በባቱ በኩል የሄደ ሰው፣ በአዝመራ ጊዜ ቲማቲምና ሽንኩርት የጫነ የአህያ ጋሪ ከመሸ በኋላ ያለ መብራት መንገዱን ሲይዝ አይቷል። ጄሪካን ተሸክማ የምትሻገር ልጅ የሚመጣውን መኪና ፍጥነት የምትገምተው በለመደችው መኪና ፍጥነት ነው። የእናንተ ዲኤክስ ሞተሩ እንደተቀየረ የምታውቅበት መንገድ የላትም።

አንዳንዱ ሰው መኪናውን ሳይገዛ በፊት መካኒክ አያስፈትሽም። ገንዘብ አጥቶ ሳይሆን እንዳይነገረው ነው። ፍሬኑ እንደሚዘገይ፣ መሪው እንደሚላላ ከሰማ ወይ መግዛቱን ይተዋል ወይ ተጨማሪ ብር ያወጣል፤ ካልሰማ ግን «አላወቅሁም» ሊል ነው። በዘጸአት ሕግ ግን ይህ ማምለጫ የሚያዋጣ አይመስለኝም። የአርባ ዓመት ዕድሜ ራሱ ምስክር ነው፤ ለገዢው ተነግሮታል። ቦሎ ተለጥፎለታል ማለትም በቂ አይደለም። ቦሎ የሚመሰክረው በምርመራው ቀን ስለነበረው ሁኔታ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚነዳው ባለቤቱ ነው።

እንግዲህ ወደ እቁቡ እንመለስ። ጌታ በሉቃስ 14 ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው ሲናገር፣ ሰውየው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ ይጠይቃል። ወንድማችን ካሰላ፣ ያሰላው የመኪናውን ዋጋና የእቁቡን ገንዘብ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ እንዳይሆን እፈራለሁ። እኩል ከሆኑ ብሩ አልበቃውም። በሬውን ገዝቷል፤ ገመዱንና በረቱን ግን አልገዛም። ፍሬኑ፣ ጎማው፣ መሪው፣ መድኑ፣ የመጀመሪያው ስድስት ወር ጋራዥ፣ ሁሉም የመኪናው ዋጋ አካል ናቸው፤ ሻጩ ስለማይጠራቸው ብቻ ዋጋ አይደሉም ማለት አይቻልም።

እቁብ ደግሞ የራሱ ነገር አለው። ዕጣው ለመጨረሻው ሰው ከሆነ በእጁ ያለው የራሱ ቁጠባ ነው። ቀድሞ ከወጣለት ግን ከገንዘቡ አብዛኛው ገና ተራቸውን የሚጠብቁ ጓደኞቹ ነው፤ እርሱ በየሳምንቱ እየከፈለ ይመልሰዋል። ሞተሩ በሦስተኛው ወር ዘይት መብላት ቢጀምርና የሳምንቱ መዋጮ ለፋሻና ለፒስቶን ቢውል፣ ተራዋን የምትጠብቀው ጉሊት የምትነግድ እናት ሳታውቀው የዲኤክስ ባለ ድርሻ ሆነች ማለት ነው። እርሷም ሦስተኛ ወገን ናት። ስለዚህ ለወንድማችን ያለኝ መልስ እንዲህ ነው፦ መኪናውን መውደድህ ኃጢአት አይደለም፤ ፍሬኑን ከሞተሩ እኩል ለማድረግ የሚበቃ ብር ከዋጋው በላይ ካለህና የእቁብህን ቀሪ ክፍያ ሳትነካ ይህን ማድረግ ከቻልክ፣ ግዛ። ካልቻልክ ዘንድሮ አትግዛ። ያልተነካካ፣ ሞተሩ የፋብሪካው የሆነ ዲኤክስ ብታገኝ ደግሞ ለአንተ የተሻለ ይመስለኛል፤ ድምፁ ባያስደንቅም።

አንድ ጉዳይ ይቀራል፤ እርሱም ገዢ ውሎ አድሮ ሻጭ መሆኑ ነው። ምሳሌ 20፥14 ሲገዛ ዕቃውን እያጣጣለ፣ ከሄደ በኋላ ግን በግዢው ስለሚመካ ሰው ይናገራል። በእኛ ገበያ ይህ ሰው ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ መኪና ሲሸጥ ያጣጣለውን ሁሉ ይረሳል። «እንዳለ ነው፣ አይተህ ግዛ» ይላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሻጭ በተሰወረ ጉድለት እንዲጠየቅ ያደርጋል፤ ደላላ በመካከል ሲገባ ግን ማን ምን እንደደበቀ ለመለየት ይቸግራል። «እኔ አልዋሸሁም፣ የተናገረው ደላላው ነው» የሚል አማኝ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። በበሬው ሕግ ስናየው ግን በሬው እንደሚዋጋ የተነገረው ለሻጩ ነበር። ዝም ብሎ ሲሸጥ በሬውን አስረከበ፤ የተነገረውን ነገር ግን ለራሱ አስቀረ።

መካኒኩ የነገረውን ሁሉ በወረቀት ጽፎ ከሊብሬው ጋር ለገዢው የሚሰጥ ሰው ዋጋው ይቀንስበታል፤ ምን ያህል እንደሚቀንስ በኅብረታችሁ ውስጥ ጋራዥ የሚሠሩ ልጆች ካሉ ጠይቋቸው። እኔ እንደማስበው የሚቀንሰው ብር ለፍሬኑ ማሠሪያ የሚበቃ ነው፤ መካኒኩ ከነገረው ቀን ጀምሮ ሲያዘገየው የነበረው ወጪ።