ተረቱን ማን ይመልስ?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1989 ሲነሳ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የበርሊን ግንብ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በነሱ አቆጣጠር ናቸው።) ግንቡ ተደረመሰ፣ አንድ ዘመን አለቀ፣ ሌላ ጀመረ ተባለ። እኔ ስለዚያው ዓመት ላወጋችሁ የፈለግሁት ጉዳይ ግን ከግንቡ ጋር ሲተያይ የልጆች ጨዋታ ነው። ቃል በቃል የልጆች ጨዋታ! በዚያ ዓመት በቴሌቪዥን ስላበቁና ስለጀመሩ የካርቱን ፊልሞች ነው። “ደሞ በካርቱን ምን ይፈላሰፉበታል?” የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ይታገሰኝ።

ጥያቄዬ አጭር ናት። ተረት የጀመረ ሰው የመጨረስ ግዴታ አለበት ወይስ የለበትም?

አያቶቻችን መልስ የነበራቸው ይመስለኛል። “ተረት ተረት” ብለው “የላም በረት” ካልተባሉ አይጀምሩም። ፈቃድ መጠየቃቸው ነው። ሲጨርሱ ደግሞ “ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ” ይላሉ። ልጅ ሆኖ ይህን የሰማ ሁሉ ጆሮው የሚቆመው ዳቦዋ ላይ ነው። ከባዷ ቃል ግን “መልሱ” የምትለዋ ናት። ተረቱ የተሰጠን ሳይሆን የተዋስነው ነው ማለት እኮ ነው። ሲያልቅ ጅቡ ወደ ዱሩ፣ ጦጣዋ ወደ ዛፏ፣ ሰሚውም ወደ መኝታው ይመለሳል። ሒሳቡ ተዘጋ፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

አሁን ወደ 1989 እንሂድ። ቤልጂጋዊው ሠዓሊ ፔዮ በ1958 የፈጠራቸው ሰማያዊ ድንክዬዎች አሉ፤ ስመርፎች ይባላሉ። የአሜሪካው ሃና ባርቤራ ኩባንያ ከ1981 ጀምሮ በካርቱን ፊልም እየሠራቸው በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ቅዳሜ ጠዋት ይታዩ ነበር። በዘጠነኛውና በመጨረሻው ምዕራፍ የተወሰኑት ከእንጉዳይ ቤቶቻቸው ወጥተው ከዘመን ዘመን ይንከራተታሉ። ወደ ቤታችን ደረስን ሲሉ ሌላ ዘመን ላይ ያርፋሉ። ዲሴምበር 2 ቀን 1989 ፊልሙ አበቃ። ስመርፎቹ ግን ቤታቸው አልገቡም! እንደጠፉ ቀሩ።

“ታዲያ ንግድ አይደል? ተመልካች ሲያንስ ማስታወቂያ ያንሳል፣ ማስታወቂያ ሲያንስ ፊልም ይቆማል” የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ዳቦ ቤትም ይዘጋል። ግን ዳቦ ጋጋሪ ቢሆን ለመጨረሻ ጊዜ በሩን ሲቆልፍ ግማሽ የበሰለ ዳቦ ምድጃ ውስጥ ትቶ አይሄድም። የስድስት ዓመት ልጅ ቅዳሜን ቆጥሮ የሚጠብቀው “ይመለሱ ይሆን?” ብሎ ነው። ያ ልጅ የከፈለው ገንዘብ የለም፤ የከፈለው መጠበቁን ነው። እኔን የሚከነክነኝ የመቋረጡ ነገር አይደለም። አንዲት የሃያ ደቂቃ ክፍል፣ “ገቡ” የምትል ብቻ፣ ምን ያህል ታስቸግር ነበር?

ከዚያ በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ዲሴምበር 17፣ በፎክስ ቴሌቪዥን የሲምፕሰንስ ተከታታይ ፊልም ተጀመረ። (ቤተሰቡ ከ1987 ጀምሮ በሌላ ፕሮግራም ውስጥ በአጫጭር ቁራጭ ይታይ ነበር።) ይኸኛው በተቃራኒው ማለቅ እምቢ ያለ ነው። ከ750 በላይ ክፍሎች ተሠርተውለታል፤ ባርት ግን ዛሬም አሥር ዓመቱ ነው። ታናሿ ሜጊ ዛሬም አፏ ውስጥ የሰካችውን የጎማ ጡት አልተፋችም። የባርትን ድምፅ የምትሠራው ናንሲ ካርትራይት በ1957 የተወለደች ናት። ፊልሙ ሲጀመር የ32 ዓመት ወጣት ነበረች። እሷ እያረጀች ልጁ አላደገም።

ይህን እንደ ጸጋ የሚያዩ አሉ። የማያረጅ ልጅ፣ የማይሞት አባት፤ ማን ይጠላል? ልጆችስ “ድገሚልኝ” ይሉ የለ እንዴ? ይላሉ። ነገር ግን “ድገሚልኝ” የሚለው ልጅ መጨረሻውን የሚያውቅ ልጅ ነው። ጦጣዋ እንደምታመልጥ ስለሚያውቅ ነው ጅቡ ሲመጣ በደስታ የሚንቀጠቀጠው። መድገምና አለማለቅ ለየቅል ናቸው።

አባትየው ሆመር ጥፋት ያጠፋል፣ ሚስቱን ማርጅን ያስቀይማል፣ መጨረሻ ላይ ይጸጸታል፣ ትምረዋለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም ተረስቶ ከሀ ይጀመራል። ትናንትን የማታስታውስ ሴት ይቅር አለች ይባላል? ነገ የሌለው ሰውስ ንስሐ ገባ ይባላል? ይቅርታን ይቅርታ የሚያደርገው በደሉ እንዳለ እየታወሰ መታለፉ ነው። የረሳ ሰው ምን ምሕረት አደረገ? ረሳ እንጂ! ስለዚህ እዚያ ቤት ብዙ ሳቅ አለ፣ ፍቅርም አለ፤ ይቅርታ ግን ያለ አይመስለኝም። (ፈጣሪዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ብልሆች ናቸው፤ ይህን ራሱን እያነሱ ይቀልዱበታል።)

ደግሞ ፍጹም አልረሱም። በዚያች የመጀመሪያ ክፍል ሆመር ለገና ስጦታ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት በውሻ ውድድር ይወራረዳል፣ ይበላል። የተሸነፈውን ውሻ ባለቤቱ ሲያባርረው ቤተሰቡ ይወስደዋል። ያ ውሻ እስከ ዛሬ እዚያው ቤት ነው። ማስታወስ ከፈለጉ ይችላሉ ማለት ነው።

እውነተኛ መጨረሻ ወደዚያ ከተማ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በሞት በኩል ነው፤ በሠሪዎቹ ሞት። ፊል ሃርትማን በ1998 ሲሞት፣ ማርሻ ዋላስም በ2013 ስታርፍ፣ ዋና ዋና ገጸ ባሕርያቸውን ለሌላ ሰው አልሰጡባቸውም። የባርት አስተማሪ ወንበር ባዶ ሆነ። በግስ በኒን፣ ዳፊ ዳክንና ፖርኪ ፒግን ያናግር የነበረው ሜል ብላንክ ግን ጁላይ 10 ቀን 1989 በ81 ዓመቱ ሲያርፍ ጥንቸሉ ዝም አላለም፤ ሌሎች ድምፁን እያስመሰሉ ቀጠሉ። በሆሊውድ መቃብሩ ላይ ፖርኪ ፊልሞቹን ይዘጋባት የነበረችው የስንብት ቃል ተቀርጻለች። ሰውዬው ራሱ መጨረሻውን ያውቅ ነበር። እኔን ብትጠይቁኝ የሙት ወንበር ባዶ መተው ይበልጣል፤ ጥንቸል የሚወድ ልጅ ግን በዚህ እንደማይስማማ አላጣሁትም።

ጃፓኖች ሦስተኛ መንገድ አገኙ። ድራጎን ቦል የተባለው ካርቱን 153 ክፍሎች ታይቶ ኤፕሪል 19 ቀን 1989 አለቀ ተባለ። በሳምንቱ፣ ኤፕሪል 26፣ ድራጎን ቦል ዜድ ተብሎ ጀመረ። የአኪራ ቶሪያማ የሥዕል ታሪክ ግን ከ1984 እስከ 1995 በአንድ ስም ነው የሄደው። ስለዚህ ያለቀ ነገር የለም፤ እንደ አንዳንድ መጠጥ ቤቶቻችን ታፔላው ነው የተቀየረ። ቢሆንም አንድ ነገር አድርገዋል፤ በመካከሉ አምስት ዓመት አሳልፈዋል። ጅራታሙ ልጅ ጎኩ አድጎ፣ አግብቶ፣ ልጁን ታቅፎ መጣ። በርግጥ እዚያ የሞተም በሰባቱ ኳሶች ይነሳል፤ ቢሆንም ትናንት ልጅ የነበረው ዛሬ አባት ሆኗል። ከሦስቱ ለልጄ የቱን ላሳይ ብባል ይህንን አስቀድማለሁ።

ስመርፎቹስ? በ2021 አዲስ ተከታታይ ፊልም ተሠራላቸው። በኮምፒውተር የተሠራ፣ ያማረ ነው። ሲጀምር ሁሉም መንደራቸው ናቸው፤ እንጉዳይ ቤቶቹ በቦታቸው፣ ጭሱም ከጣሪያው ይወጣል። በ1989 ዘመን ውስጥ የጠፉትን ማን ሄዶ እንዳመጣቸው የሚናገር ሰው የለም።